ምዕራፍ ሰባት፦ ኮምፒውተር የሚጠብቀውን ነገር ስለ መመርመር

ከእንጅባራ ደጋ ተነሥቶ ወደ መተከል ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የተቀመጠችው ጫግኒ፣ በቀድሞው ዘመን የመተከል አውራጃ ርእሰ ከተማ የነበረች፣ ዛሬም ወደ ጉባና ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚሄደው መኪና የሚያልፍባት የአዊ ከተማ ስትሆን፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን የገበያ ከተሞች ሁሉ በእርስዋም የሕዝቡ ጉዳይ የሚጻፈው በጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ቤቶች ነው። የባላገሩ ማመልከቻ፣ የተከሳሹ መልስ፣ የኪራይ ውል፣ በአማርኛና በአዊኛ የሚዘጋጀው የተማሪዎች ፈተና፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰበካ ጉባኤ ሪፖርት፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ቢሮ ከመድረሳቸው በፊት በአንድ ኮምፒውተር በኩል ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ስለዚህም ያ ኮምፒውተር የዘገየ እንደ ሆነ የሚዘገየው የጸሐፊዋ ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ በማለዳ ከገጠር ተነሥቶ የመጣው ባለጉዳይ ክርክር፣ የመምህሩ ፈተና፣ የሟች ቤተሰብ የውርስ ማስረጃ ጭምር ነው።

እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ጸሐፊዋ «ዛሬ ደግሞ ይጎተታል» ትላለች፤ ጥቂት ቆይቶም መስኮቱ ነጭ ሆኖ ሲቀር «ሃንግ አደረገ» ትላለች፤ ባለሙያ ተጠርቶ በመጣ ጊዜም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይህ ፍርድ ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም፤ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ለጥቂት ሳምንት ፈጥኖ ሲሠራ ይታያልና። ነገር ግን የመዘግየቱ መንሥኤ ሳይመረመር የተፈጸመ በመሆኑ ያው መዘግየት ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ከዚህም የሚከፋው፣ በችኰላ ፎርማት የተደረገ ዲስክ የብዙ ዓመት ውል፣ ሪፖርትና ፎቶግራፍ ይዞ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ መሆኑ ነው። ስለ ሆነም የዚህ ምዕራፍ ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው፦ ዘገምተኛ የሚባለው ኮምፒውተር ጊዜውን አብዛኛውን የሚያሳልፈው አንድ ነገር ሲጠብቅ ስለ ሆነ፣ ማናቸውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት የሚጠበቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን ለመረዳት ሦስቱን ዐበይት ክፍሎች ማስታወስ ይበቃል። የመጀመሪያው ስሌቱን የሚያካሂደው ፕሮሰሰር ነው፤ ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ የሚይዘው፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ባዶ የሚሆነው ራም ነው፤ ሦስተኛው መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን የሚጠብቀው ዲስክ ነው። ሥርዓተ ክወና የሚባለውም፣ ዊንዶውስም ይሁን ሊኑክስ፣ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ተሹሞ ፕሮግራሞችን ሁሉ በየተራቸው የሚያስተናግድ ፕሮግራም ነው።

የሦስቱን ክፍሎች ፍጥነት በሚሊ ሰከንድ መናገር ይቻላል፤ ነገር ግን አበው ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ያቆዩልን የጊዜ አከፋፈል ለዚህ ጉዳይ እጅግ የተመቸ ስለ ሆነ በእርሱ መመዘን ይሻላል። በዚያ ሥርዓት መዓልቱንና ሌሊቱን አጠቃሎ የያዘው ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንዱ ካልዒት 60 ሣልሲት፣ አንዱ ሣልሲት 60 ራብዒት፣ አንዱ ራብዒት 60 ኃምሲት፣ አንዱ ኃምሲትም 60 ሳድሲት ነው። በዛሬው ሰዓት ሲተመን ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲት ከሰከንድ እኩሌታ ጥቂት የሚያንስ፣ ራብዒት ሰከንድ ለ150 ሲከፈል አንዱ እጅ፣ ኃምሲት ለ9,000 ሲከፈል አንዱ እጅ፣ ሳድሲትም ለ540,000 ሲከፈል አንዱ እጅ ይሆናል። የዐይን ጥቅሻ እንኳ የማይደርስበትን ይህን ረቂቅ ክፍል ሊቃውንቱ የጨረቃንና የፀሐይን አካሄድ ለማስተካከል ሲሉ በስም ለይተው ማስቀመጣቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ የዘመናችን መሣሪያ የሚሠራውም በትክክል በዚያ ረቂቅ ክፍል ውስጥ ነው።

እንግዲህ በአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ነው፤ አንዱን ዙር የሚፈጽመው በአንድ ራብዒት ከሁለት ሦስተኛ ነው። የሚያነበው ክንድ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪንቀሳቀስ፣ የሚፈለገውም ጽሑፍ ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ሲደመር በአማካይ ሁለት ራብዒት ከሩብ፣ ማለት 15 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ተሽከርካሪ አካል የሌለው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን ይህንኑ ሥራ በአንድ ኃምሲት ያህል ይፈጽመዋል። ራም ደግሞ በአንዲት ሳድሲት ውስጥ 18 ጊዜ ያህል ተጠይቆ 18 ጊዜ ይመልሳል፤ ይህም ማለት ሃርድ ዲስኩ አንድ ጊዜ እስኪመልስ ድረስ ራም ከ140,000 ጊዜ በላይ በመለሰ ነበር። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ የሚሠራበት ነገር ገና ከሃርድ ዲስክ የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ፍጥነቱ ሁሉ በመጠበቅ ያልፋል።

ይህ ልዩነት የመጣው የመሣሪያዎቹ ዕድገት እኩል ስላልሆነ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ራማክ በሚባለው ማሽኑ የመጀመሪያውን የዲስክ ማከማቻ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ 50 ታላላቅ ሰሌዳዎች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው 5 ሚሊዮን ፊደል ይይዙ ነበር፤ አንዱን መዝገብ ለማግኘትም በአማካይ 600 ሚሊ ሰከንድ፣ በእኛ ስፍር አንድ ሣልሲት ከግማሽ ይፈጅ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የፕሮሰሰር ፍጥነት በሚሊዮን እጥፍ ሲቈጠር፣ በላፕቶፕ ያለው ተሽከርካሪ ዲስክ መዝገብ በማግኘት የፈጠነው ግን 40 እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ የሰሌዳን መሽከርከርና የክንድን መንቀሳቀስ ከብረት ባሕርይ በላይ ማፋጠን አይቻልምና። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ በዲስኩ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ 3,000 ቍርጥራጭ መዝገቦችን ቢፈልግ፣ በተሽከርካሪው ዲስክ 45 ሰከንድ፣ በኤስኤስዲ ግን ከአንድ ሣልሲት ባነሰ ጊዜ ያገኛቸዋል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ዲስኩ ብቻ ሲለወጥለት እንደ አዲስ የሚሆንበት ምሥጢር ይህ ነው።

ሁለተኛው የመዘግየት ምክንያት ከራም ማነስ የሚመጣው ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው ጋራ የተሳሰረ ነው። በአንድ ደብር መጽሐፍ የሚመረምር ሊቅ ከፊቱ ሁለት መጻሕፍት ብቻ የሚይዝ አትሮንስ ቢኖረው፣ ሌሎቹ መጻሕፍት ሁሉ ደግሞ በዕቃ ቤት ቢሆኑ፣ በሁለቱ መጻሕፍት እስከ ሠራ ድረስ ሥራው ይቃናል፤ ጥያቄው ሦስት መጻሕፍት በአንድነት የሚያስመረምር በሆነ ጊዜ ግን አንዱን በዲያቆን አስመልሶ ሌላውን ማስመጣት፣ ወዲያውም የመለሰውን እንደገና መፈለግ ስለሚሆንበት፣ ቀኑ በዲያቆኑ መመላለስ ያልቃል እንጂ በማንበብ አያልቅም። አትሮንሱ ራም ነው፤ ዕቃ ቤቱ ዲስክ ነው። በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በ1962 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አትላስ የተባለው ኮምፒውተር፣ ራም ሲሞላበት ለጊዜው የማይፈለገውን የራም ክፍል፣ ገጽ የሚባለውን፣ ወደ ማከማቻ አውጥቶ ሲፈለግ ደግሞ በራሱ የሚመልስበትን ዘዴ አስገኘ፤ ከዚያ በኋላ የተነሡት ሥርዓተ ክወናዎችም ዘዴውን ወርሰውታል። ዘዴው ታላቅ ጥበብ ነው፤ ስለ እርሱም በትንሽ ራም ላይ ብዙ ፕሮግራም መክፈት ተቻለ። ነገር ግን መጠን አለው። በ1968 እ.ኤ.አ. ፒተር ዴኒንግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንዳስረዳው፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በአንድ ወቅት በእውነት የሚሠራባቸው ገጾች የተወሰኑ ናቸው፤ የተከፈቱት ፕሮግራሞች የሥራ ገጾች ሁሉ ተደምረው ከራሙ በበለጡ ጊዜ ፍጥነቱ ጥቂት በጥቂት የሚቀንስ ሳይሆን በድንገት የሚወድቅ ነው፤ ማሽኑ ገጽ ከማመላለስ በቀር ሌላ ሥራ የማይሠራበት ደረጃ ይደርሳልና። ጸሐፊዋ «ሃንግ አደረገ» የምትለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የክሮም ገጾች፣ ወርድ፣ ፎቶሾፕና ቴሌግራም 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ በአንድነት ተከፍተው ሳለ አንድ ተጨማሪ የክሮም ገጽ መክፈት ያን የመውደቂያ ጠርዝ ሊያልፍ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ማውሱን ደጋግሞ መጫን ሥራውን ያበዛዋል እንጂ አይፈታውም።

የሚጠበቀውን ነገር ለይቶ ለማወቅ ባለሙያ መጥራት ላያስፈልግ ይችላል። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉት ሦስቱ ቁልፎች በአንድነት ሲነኩ ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል፤ በዚያም ሲፒዩ፣ ማለት ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ማለት ራም፣ ደግሞም ዲስክ የሚሉ ዓምዶች በመቶኛ ተጽፈው ይታያሉ። መዘግየቱ በሚታይበት በዚያው ሰዓት ይህን መመልከት ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ከተረጋጋ በኋላ መመልከት ምንም አያስረዳምና። ሲፒዩ 10 ወይም 15 ሆኖ ዲስክ 100 ላይ ተገትሮ ከታየ ማሽኑ የሚጠብቀው ዲስኩን ነው። ከዚሁ ጋራ ሜሞሪው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ዲስኩን ያስጨነቀው የራሙ መሙላት መሆኑን መገመት ይገባል። ሲፒዩ ብቻ ከፍ ብሎ ሌሎቹ ዝቅ ካሉ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ብቻውን ሥራ ይዟል ማለት ነውና በዝርዝሩ ውስጥ ስሙን መፈለግ ነው።

በጽሕፈት ቤቶች ማሽን ላይ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው ነገር የታወቀ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡ፣ ማንም ያልጠራቸው ፕሮግራሞች ይገኛሉ፤ እነዚህን በዚያው መስኮት ስታርትአፕ በሚለው ክፍል አንድ በአንድ ማገድ ይቻላል፤ ማገዱ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፣ ሲፈለግ ብቻ እንዲከፈት ያደርገዋል እንጂ። «አንዱ ያልያዘውን ሌላው ይይዘዋል» በሚል አሳብ ሁለት አንቲቫይረስ በአንድነት ተጭነው ይገኛሉ፤ ሁለቱም የተከፈተውን ፋይል ሁሉ ስለሚመረምሩ እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፤ አንዱ መነሣት አለበት። ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ በሚዞር ፍላሽ የመጣ፣ ፎልደሩን ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚያስቀምጥ ቫይረስ ከበስተኋላ ሲሠራ ይገኛል። ክራክ በሚባለው መንገድ ከተጫነ ሶፍትዌር ጋራ ተሸሽጎ የገባ፣ የባለቤቱን ፕሮሰሰርና የባለቤቱን መብራት ለሌላ ሰው የዲጂታል ገንዘብ ማስገኛ የሚያደርግ ፕሮግራምም ሊገኝ ይችላል፤ ይህ በድሀ ጽሕፈት ቤት ላይ የሚፈጸም ስርቆት ስለ ሆነ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ደግሞም በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች በመቶ የሚቈጠር የግዕዝና የላቲን ፎንት መጫን የተለመደ ነው፤ ወርድና ፎቶሾፕ ሲከፈቱ ያን ሁሉ መዝገብ ስለሚያነቡ፣ የማይሠራባቸውን ማንሣት የሚያስገኘው ዕረፍት ከሚገመተው በላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር አለበት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ በብዙ ማሽኖች ላይ፣ ማታ «ሻት ዳውን» ሲባል ኮምፒውተሩ የሥርዓተ ክወናውን እምብርት በዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፤ ጠዋትም ያንኑ ያነሣዋል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ስለዚህ በየማታው እየተዘጋ ያለ የሚመስለው ማሽን፣ እምብርቱ ለሳምንታት ያልታደሰ ሊሆን ይችላል። ፍጹም መታደስ የሚገኘው «ሪስታርት» በሚለው ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይህን ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ሙቀት ደግሞ በተለይ ለጫግኒና ከእርስዋ በታች ላሉት የቆላ ከተሞች መናገር ይገባል። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን በገዛ እጁ ይቀንሳል። በእንጅባራ ብርድ ያለ ችግር የሚሠራ ላፕቶፕ በበጋ ቀትር በጫግኒ የሚጎተት ከሆነ፣ በጠዋትም የሚፈጥን ከሆነ፣ ምክንያቱ ይህ መሆኑን መጠርጠር ነው። በመንገድ ዳር ያለ ቤት አቧራ የማራገቢያውን መውጫ ይደፍነዋል፤ ላፕቶፑን በጨርቅ ወይም በትራስ ላይ ማስቀመጥም ከሥሩ ያለውን የአየር መግቢያ ይዘጋዋል። ማራገቢያውን አስከፍቶ ማስጠረግ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ማስለወጥ፣ ከማናቸውም የሶፍትዌር ሥራ የበለጠ ፍሬ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ብርቱው ማስጠንቀቂያ እንምጣ። ዲስክ ማርጀት ሲጀምር አንዳንዱ ሥፍራው አልነበብ ይላል፤ ዲስኩም ያን ሥፍራ እንደገና፣ እንደገናም ለማንበብ ይሞክራል፤ በዚህም ምክንያት ማሽኑ ለሰከንዶች ይቆማል፣ ከዚያም ይቀጥላል፣ ደግሞ ይቆማል። ከዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ ነገሩ የተረጋገጠ ያህል ነው። እንዲህ ባለው ዲስክ ላይ ፎርማትም፣ የቫይረስ ፍተሻም፣ ሌላም ሥራ መጀመር የቀረውን ዕድሜ ማሳጠር ነው። በመጀመሪያ፣ ከሁሉ በፊት፣ ሰነዱ ወደ ሌላ ሥፍራ ይገልበጥ። የአንድ ወረዳ ሕዝብ የውል ቅጂ፣ የመንደር ዕድር የአባላት መዝገብ፣ በየዓመቱ የተወሰደ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ፣ እነዚህ በዋጋ የማይመለሱ ናቸው፤ ማሽኑ ግን ይመለሳል። ይህን ሳልደጋግም ማለፍ አልችልም፤ መዘግየትን ለማስወገድ ሲባል የጠፋ ሰነድ ብዙ ነውና።

«ኮምፒውተርዎን ያፋጥኑ» እያሉ በነጻ የሚወርዱት ፕሮግራሞች ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚፈቱት ነገር እምብዛም ነው። ራምን «ያጸዳሉ» የተባሉት ገጾችን በግድ ወደ ዲስክ ያስወጣሉ፤ ይህም ከላይ የተናገርነውን መመላለስ ያበዛል። ሬጂስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ ያጸዳሉ የተባሉትም በፍጥነት ላይ የሚሰማ ለውጥ አያመጡም፤ ጉዳት ግን ሊያደርሱ ይችላሉ። ዲፍራግ የሚባለው የመዝገብ ማሰባሰብ ሥራ በተሽከርካሪ ዲስክ ላይ ይጠቅማል፤ ለኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሌለው ጥቅም የለውም።

የመሣሪያው እርጅና ምንም ድርሻ የለውም ማለታችን አይደለም። ሶፍትዌሩ እየከበደ መሄዱ የታወቀ ነው። ኒክላውስ ቪርት የተባለው የስዊስ ሊቅ በ1995 እ.ኤ.አ. ሶፍትዌር የሚከብድበት ፍጥነት ማሽን ከሚፈጥንበት ፍጥነት እንደሚበልጥ በመግለጽ፣ ሶፍትዌር ቀጭን ሆኖ እንዲሠራ ተማጽኖ ጽፎ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው ዊንዶውስ 95 ቢያንስ 4 ሜጋባይት ራም ይጠይቅ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ባቆመ ጊዜ፣ ዊንዶውስ 11 ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል፣ ከዱባይና ከሌላም አገር ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት ብዙ ላፕቶፖች በደኅና እየሠሩ ሳለ ያለ መደበኛ ድጋፍ ቀርተዋል። ለእነዚህ ማሽኖች ሉቡንቱን የመሰሉ ቀላል የሊኑክስ ዓይነቶች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ በጥቂት ራም ይበቃቸዋል፤ ከዊንዶውስ ቫይረስም አብዛኛው አይደርስባቸውም።

ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ግን አንድ መሰናክል አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር፣ በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ እትሞችም ጭምር፣ የተጻፈ ሰነድ የራሱ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ሥርዓተ ክወናውን ከመለወጡ በፊት የቆዩ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ማስገልበጥ አለበት፤ ሥራው አድካሚ ነው፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው።

በዊንዶውስ ለሚቀጥለውም ሰው፣ ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑም ገና ተሽከርካሪ ዲስክ ካለው፣ በቅድሚያ የሚገዛው ኤስኤስዲ ነው፤ ራም በማስከተል ይመጣል። ብዙዎቹ የቆዩ ላፕቶፖች ሁለት ተኩል ኢንች የሚባለውን ዲስክ ስለሚይዙ፣ ለውጡ ጥቂት ብሎኖችን ከመፍታት አያልፍም። አሮጌው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ያለው ሁሉ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገለበጣል፤ ፎርማትም አያስፈልግም። አሮጌውንም መጣል አይገባም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ይገዛለትና የጽሕፈት ቤቱ ሰነድ በየወሩ መጨረሻ ይገለበጥበታል፤ ከተገለበጠም በኋላ ተነቅሎ ከኮምፒውተሩ ርቆ፣ በተቻለ መጠንም በሌላ ቤት፣ በደረቅ ሥፍራ ይቀመጣል።